ጎማው አዲስ ነበር

የሲስተር አትጠገብን ሞት በስልክ ነገሩኝ። በማግስቱ በጠዋት ከባሕር ዳር ተሳፍሬ ዳንግላ ስደርስ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቶ የሕይወት ታሪኳ እየተነበበ ነበር። አንባቢው ድምፀ መልካም ሰው ነው። «ሲስተር አትጠገብ ትዕግሥተኛ፣ ዝምተኛ፣ በዕድሜዋ ሙሉ ከሰው ጋር ተጋጭታ የማታውቅ እናት ነበረች» አለ። ሰውም እውነት ነው እንደማለት ራሱን ነቀነቀ።

የእኔ ደም ግን ፈላ። ዝምተኛ? አትጠገብ? ይቺ ሴት ያላፋጠጠችው አለቃ፣ ያልተሟገተችው ነጋዴ እንጅባራ ውስጥ ካለ ይቁምና ይናገር! እኛ አገር ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቁጣውን ነቅለን፣ ልስልስ አድርገን ነው የምንቀብረው። ስንት ጊዜ የተቆጣችለት ሕዝብ ቁጣዋን እንደ ነውር ሸፍኖ ሸኛት። ለቅሶ ቤት ስለሆነ አፌን ያዝኩ። አሁን ግን ለቅሶ ቤት አይደለሁም።

ያኔ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ገና በግንባታ ላይ ነበር። እሷና እኔ እንጅባራ ውስጥ ባለ አንድ የጤና ተቋም እንሠራለን፤ እሷ አዋላጅ ነርስ፣ እኔ መድኃኒት ክፍል። የሁለታችንም ቤት ዳንግላ ነው። የተወለደችው ከግምጃ ቤት ከተማ ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ መንደር ነው። ከገጠር ከሚመጡት ወላዶች ጋር በአዊኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ስትናደድ ደግሞ በሁለቱም ታወራለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቿን ብቻዋን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። በዕድሜ በብዙ ትበልጠኛለች። በተዋወቅን ሰሞን «እርስዎ» ስላት መነጽሯን አውልቃ አየችኝና «ምን አድርጌህ ነው እንዲህ የምታርቀኝ? አንቺ በለኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ አልኳት።

መነጽሯን ካወለቀች ነገር አለ ማለት ነው። በኮሪደሩ ላይ መነጽሯን በእጇ ይዛ፣ ትከሻዋን ወደ ፊት ሰበር አድርጋ ስትመጣ ያዩ ሠራተኞች የቅርባቸውን በር ከፍተው ይገባሉ። አንድ ነገር ሲበላሽ ሌላው ሰው «ማነው ያጠፋው?» ይላል። እሷ የምትጠይቀው «ማነው አይቶ ዝም ያለው?» ብላ ነው። ይህን ጥያቄ ስትጠይቅ በክፍሉ ውስጥ ንጹሕ ሰው አይተርፍም።

አንድ ክረምት የአራሶች ክፍል ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ለጥገና ደጋግማ አመለከተች፤ «በሂደት ላይ ነው» ይሏታል። አንድ ቀን ዝናቡ ሲብስ አንዷን አራስ ከነአልጋዋ፣ ከነሕፃኗ እየገፋች ወስዳ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ አስተኛቻት። ሰውየው ከስብሰባ ሲመለስ ከጠረጴዛው ጎን ሕፃን ይጠባል። «ምንድን ነው ይሄ?» ሲላት «በሂደት ላይ ነው» አለችው። በማግስቱ አናጢዎች መጡ።

ዝምተኛ ይሏታል።

ለቤት ማስፋፊያ ያጠራቀመችውን ሁሉ አውጥታ መኪና የገዛችው በዚያ ዘመን ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ የሸጠላት የጀርመን ስሪት ነበረች፤ ያገለገለች ግን በደንብ የተያዘች። ከዚያ ወዲህ እኔና የሒሳብ ክፍሉ አቶ ልየው ጠዋት ከዳንግላ ከእሷ ጋር እንወጣለን፣ ማታ ከእሷ ጋር እንመለሳለን።

የመኪናዋ ጎማ ተራ ጎማ አልነበረም። ራንፍላት ይሉታል፤ ጎኑ እንደ እንጨት የጠነከረ፣ ነፋሱ ቢወጣ እንኳ መኪናውን ተሸክሞ ጥቂት መንገድ የሚያስኬድ። በዚህ የተነሣ መኪናዋ ትርፍ ጎማ የላትም፤ ማስቀመጫውም አልተሠራላትም። ሻጩ ይህን የነገራት እንደ ጌጥ አድርጎ ነው። ለሠለጠነ አገር ጌጥ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ክረምቱ ሊገባ ሲል አንዱ ጎማ ተነፈሰብን። እውነትም ዳንግላ ድረስ አደረሰን። ጎሚስታው ከፈታው በኋላ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ሲስተር፣ ውስጡ ተፈጭቷል። ይሄ አይለጠፍም።»

«ሌላ አምጣልኛ።»

«ከየት? እዚህ ማንም አያመጣውም።»

ባሕር ዳር ተጠየቀ፣ የለም። አዲስ አበባ በትዕዛዝ ይመጣል ተባለ፤ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ጠፋ። መኪናዋ ድንጋይ ላይ ቆመች። የቀሩትም ጎማዎች ቢሆኑ ጥርሳቸው አልቆ የላሹ ነበሩ፤ ገና በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ፍሬን ስትይዝ መኪናዋ ወደ ጎን ታመልጥ ጀምራ ነበር። ስለዚህ አትጠገብ ሁሉንም አውጥታ በተራ ጎማ ልትተካ፣ አንድ ትርፍም ልትይዝ ወሰነች። ለሰሞኑ በሚኒባስ ስንመላለስ በመንገዱ ሁሉ ወሬያችን ጎማ ሆነ።

«የጭቃ ጎማ ግዢ» ይላል አቶ ልየው። «ክረምት እኮ ነው የሚመጣው። ጥርሱ እንዲህ የሆነ!» ጣቶቹን እንደ ሹካ ይዘረጋል።

«መንገዴ አስፋልት ነው» ትለዋለች። «ጭቃው ዳንግላ ውስጥ ለውስጥ፣ ቤቴ በር ላይ ነው። በጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ ስንሄድ ጩኸቱ ያደነቁረናል፤ እርጥብ ላይም ፍሬን አይዝልኝም። የበጋው ደግሞ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። እኔ የምፈልገው በጋም ክረምትም የሚሠራውን ነው፤ ውኃውን ወደ ጎን የሚተፋ ቦይ ያለው።»

«ሁለቱንም እችላለሁ የሚል ነገር አላምንም።»

«እኔን ግን ታምናለህ። አዋላጅም ነኝ፣ ሹፌርህም ነኝ።»

በሚኒባሱ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ።

እንጅባራ ውስጥ ትልቁ የጎማ ነጋዴ አቶ ይበልጣል ይባል ነበር። እጀ ሰፊ ሰው ነው። አትጠገብ የምታመልክበት ጸሎት ቤት አባል ነው፤ የጸሎት ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰው እሱ ነው። ሱቁ ስንገባ ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጣት። ጎማዎቹ በረንዳው ላይ ተደርድረዋል፤ ጥቁር፣ የሚያበሩ፣ ቦያቸው ጥልቅ። አትጠገብ ዝም ብላ አልገዛችም። ልኩን ከመኪናዋ ጋር አስተያየች፣ ጣቷን በቦዩ ውስጥ ሰደደች፣ የተመረተበት ጊዜ የሚጻፍበትን የጎኑን ቦታ ፈለገች።

«ይሄ ለምን ተፋቀ?» አለች።

«በጭነት እርስ በርስ ተፋትጎ ነው፣ እህቴ። ምነው፣ እኔንም ትጠረጥሪያለሽ? በአንድ ወንበር ተቀምጠን እየዘመርን?»

አፈረች። አትጠገብ ስታፍር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የሚያስፈልጋትን ጎማ ከነትርፉ ገዛች።

ጥቂት ሳምንታት በደህና ሄድን። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእንጅባራ ስንወጣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዘን፤ ጉሙም ወርዶ መንገዱን ሸፈነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንደርስ ድንች የጫነ የፈረስ ጋሪ ከፊታችን ብቅ አለ። ፍሬን ያዘች። መኪናዋ አልያዘችም። ወደ ጎን ተንሸራታ፣ ፊቷን አዙራ፣ የኋላ እግሯ ከመንገዱ ዳር ቦይ አፋፍ ላይ ሲደርስ ቆመች። አቶ ልየው የጸለየውን ጸሎት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ማንም አልተጎዳም። ወረድን። ከኋላ ጎማ ላይ አንድ ቁራጭ ላስቲክ እንደ ቀበቶ ተልጦ ተንጠልጥሏል። አትጠገብ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ከቦርሳዋ የማይለይ የቁስል መጥረጊያ ጎዝና አልኮል አላት፤ አወጣችና የጎማውን ጎን ጠረገችው። ጥቁሩ በጎዙ ላይ ለቀቀ። ከሥሩ አመድ የመሰለ፣ እንደ ደረቀ መሬት የተሰነጣጠቀ ላስቲክ ብቅ አለ። አሸተተችው።

«የጫማ ቀለም» አለች።

ያ ጥልቅ ቦይ ሁሉ በጋለ ቢላ የተቆረጠ ነበር። የላሸ አሮጌ ጎማ ላይ አዲስ ጥርስ ቀርጸውለታል፤ ቢላው በጣም የጠለቀበት ቦታ የውስጥ ሽቦው ያብለጨልጫል። ትርፉን ጎማ አወረድን፤ ጠረገችው፤ እሱም ያው ነው።

መነጽሯን አወለቀች። ዝናቡ በፊቷ ላይ ይወርዳል። አሁን ትጮኻለች ብለን ስንጠብቅ፣ ቀስ ብላ አንድ ስም ጠራች።

«ስመኘው።»

ስመኘው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የዳንግላ ልጅ ነው፤ የሚኒባስ ሹፌር፣ የልጆች አባት። በክረምቱ መግቢያ ላይ እዚያው ቁልቁለት ላይ ሚኒባሱ ተገልብጦ ወደ ሠርግ ይሄዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሞተዋል። ትሁን የምትባል፣ ድንች ወደ ዳንግላ ገበያ የምታመላልስ ሴት እግሯ ተቆርጧል። የዚያን ቀን ቁስለኞቹን የተቀበለችው አትጠገብ ነበረች። ስመኘው «ጎማው አዲስ ነበር፣ ገና መግዛቴ ነው፣ ፈነዳብኝ» ቢል የሰማው የለም። ትራፊክ ፖሊሱ «ከፍጥነት በላይ በማሽከርከር» ብሎ አለፈ። ስመኘው ታሰረ። የሟች ዘመዶች ረገሙት። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ስትሄድ በመንገድ ላይ ሰው ፊቱን ያዞርባት ነበር። ያን ሰሞን በየሻይ ቤቱ የሚወራው ስለ ሹፌሮች ጥጋብ ነው። ጎማውን ሄዶ ያየ አንድ ሰው የለም! ሰው ሞቶ፣ እግር ተቆርጦ፣ ጎንበስ ብሎ ጎማ የሚያይ ይጥፋ?

እየተንፏቀቅን ወደ እንጅባራ ተመልሰን እዚያው አደርን። አትጠገብ በማግስቱ ጠዋት ከሥራ በፊት ትሁንን ልትጠይቅ ሄደች። ትሁን ቁስሏ እስኪጠግ እንጅባራ እህቷ ዘንድ ነበረች። በአዊኛ አወሩ። ትሁን ከመገልበጣቸው በፊት ከተቀመጠችበት ሥር እንደ ጥይት የጮኸ ነገር ሰምታለች።

«ለፖሊስ ነግረሻል?»

«ማን ጠይቆኝ?» አለች ትሁን።

ከዚያ በቀጥታ የተገለበጠው ሚኒባስ ወደቆመበት የፖሊስ ግቢ ሄደች። እኔ አብሬያት ነበርኩ። የፈነዳው ጎማ ተበጣጥሷል፤ ሌሎቹ ግን እንዳሉ ናቸው። ጎዟን አውጥታ ስትጠርግ ትራፊኩ እየሮጠ መጣ።

«ሲስተር፣ ይሄ እኮ ያንቺ ሥራ አይደለም።»

«ያንተ ነበር። ስላልሠራኸው ነው የመጣሁት።» ጥቁር የሆነውን ጎዝ ዘረጋችለት። «ከየት እንደገዛው ጠይቀኸዋል?»

ትራፊኩ ጎዙን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ስመኘው ግን ከታሰረበት ሆኖ ለጠየቀው ሁሉ ሲናገር ነበር። ከአቶ ይበልጣል ሱቅ ነው።

ነጋዴው ነገሩ ሲደርሰው ቶሎ ነቃ። በዚያው ቀን መሥሪያ ቤታችን ድረስ መጣ። «እህቴ፣ እኔም ተታልዬ ነው፤ ያመጡልኝ ሰዎች ናቸው» አለ። በራሱ መኪና ባሕር ዳር ልኮ አዲስ፣ ዋናውን ጎማ ሊያስመጣላት፣ የከፈለችውንም ሊመልስላት ቃል ገባ።

«በረንዳህ ላይ የተደረደሩትስ?» አለችው።

«እነሱን ተያቸው።»

«ስመኘውስ?»

«እሱ የሕግ ጉዳይ ነው፣ እህቴ። እኔና አንቺ ምን አገባን?»

«እህቴ አትበለኝ» አለችው።

ከዚያ ሽማግሌ መጣ። አገራችን ላይ ይሄ አለ፤ በደለኛው ጉልበት ሲኖረው ሽማግሌው በፍጥነት ይደርሳል። ትሁን እግሯን ስታጣ የሄደላት ሽማግሌ አልነበረም። ለስመኘው ሚስት የመጣላት የለም። የጎማው ነጋዴ ስሙ ሊነሣ ነው ሲባል ግን ዳንግላ የአትጠገብ ሳሎን በጋቢ ሞላ። ፓስተሩም ነበሩ። ጎረቤት ስለሆንኩ እኔንም ጠርታኝ በሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ።

በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ጀመሩ። «ልጄ፣ ሰው ነውና ተሳስቷል። እንደ አማኝ ይቅር በዪው። ስሙን አታጥፊ። የልጆች አባት ነው።»

«አባባ፣ ስመኘውም የልጆች አባት ነው» አለቻቸው።

ፓስተሩ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ሲስተር፣ ይቅርታ ግዴታችን ነው። እኛ ይቅር ካላልን...»

«ፓስተር፣ ይቅር ብየዋለሁ» አለች። ሁሉም ቀና አለ። «እኔን ያደረገኝን ይቅር ብየዋለሁ፤ ጎማውንም ብሩንም አልፈልግም። ቦዩ ውስጥ ገብቼ ብሞት ኖሮም ይቅር እለው ነበር። ግን የትሁን እግር የኔ ነው እንዴ? የሞቱት አባት የኔ ናቸው? እኔ የሌላ ሰው እግር ይቅር የምል ማን ነኝ? ነገ ጠዋት እኮ በነዚያ ጎማዎች ላይ ሰው ይሳፈራል። እርስዎ አሁን ከዚህ ወጥተው በሚኒባስ ነው የሚሄዱት፤ በምኑ ላይ እንደሚቀመጡ ያውቃሉ?»

ፓስተሩ ደጋግመው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በጸሎት ሊዘጉ ሲጋበዙም «ዛሬ እኔ አልጸልይም» ብለው ተነሡ። ለዚህ አከብራቸዋለሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሲወጣ «ልበ ደንዳና ሴት» ሲል ሰማሁ። ልበ ደንዳና! ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው እግር ሲያንገበግባት የምትውለውን ሴት!

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ፈቃድ ጠየቀች። ከግል ፋርማሲ በገዛ ገንዘቧ አልኮልና ጎዝ ገዝታ ወደ አቶ ይበልጣል ሱቅ ሄደች። እኔና አቶ ልየው ምን እንደምታደርግ ሳናውቅ ተከተልናት። በረንዳው ፊት ቆመች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ጎማ መጥረግ ጀመረች። ስትጨርስ ጥቁሩን ጎዝ በጎማው ላይ አንጠልጥላ ወደሚቀጥለው አለፈች።

የሱቁ ሰዎች ጮኹ። አንዱ ክንዷን ያዛት። «ልቀቀኝና አብረን እናስተያይ» አለችው፤ «አዲስ ከሆነ አይለቅም፣ ምን ያስፈራሃል?» ገበያተኛው ተሰበሰበ። ለገጠር ሰዎች በአዊኛ፣ ለከተማው በአማርኛ ትናገራለች። «ይሄን እዩ! ይሄ ስንጥቅ ነው፣ ይሄ የቢላ ነው፣ ይሄ ሽቦ ነው። በዚህ ላይ ነው ልጆቻችሁን የምታሳፍሩት!»

አንድ የባጃጅ ሹፌር መጥቶ «ሲስተር፣ የኔንም እዪልኝ» አላት። አየችለት። ጥቁሩ ለቀቀ። ሰውየው በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። ከዚያ የሚኒባስ ሹፌሮች መጡ። መንገዱ በተሽከርካሪ ተሞላ። ጎዙ ሲያልቅ አንዲት የጨርቅ ነጋዴ ነጭ አቡጀዲ ቀድዳ ሰጠቻት። አቶ ልየውም እጅጌውን ሰብስቦ ይጠርግ ጀመር።

ፖሊስ መጥቶ የወሰደው አቶ ይበልጣልን እንዳይመስላችሁ። የወሰደው እሷን ነው! ሁከት በመፍጠር፣ የሰው ንብረት በመንካት። ጣቢያ አስቀምጠው ይቅርታ ጠይቀሽ ውጪ አሏት። «ጎማዎቹን እዚህ አምጡና በፊታችሁ ልጥረጋቸው፤ ከለቀቁ እናንተ ይቅርታ ትጠይቁኛላችሁ» አለች። ውጭ ሹፌሮቹ መኪናቸውን ከጣቢያው ፊት ደርድረው ቆሙ። ያን ቀን ከእንጅባራ ወደ የትም የሚሄድ ሚኒባስ ጠፋ። ከሁሉም የገረመኝ ያ ትራፊክ ፖሊስ ነው። ለብቻው ግቢ ውስጥ ወዳለው የተገለበጠ ሚኒባስ ሄዶ ለረጅም ጊዜ ቆየ፤ ተመልሶ አለቃውን «ስህተቱ የኔ ነው፤ ጎማውን አላየሁም» አለው። በሰው ፊት ነው ያለው።

አትጠገብ በዚያው ቀን ተለቀቀች። የስመኘው ጉዳይ እንደገና ታየ፤ ትሁን በክራንች መጥታ የሰማችውን ተናገረች፤ ነገሩ ተጣርቶ ስመኘው ነጻ ወጣ። የአቶ ይበልጣል ሱቅ ታሸገ፣ ጎማዎቹ ተቆራርጠው ተጣሉ፣ ተቀጣ ተባለ። ምን ያህል ተቀጣ? ክረምቱ እንኳ ሳይወጣ ያው ሱቅ በወንድሙ ስም፣ በአዲስ ቀለም ተከፈተ። ሰውም ገብቶ ይገዛል!

እሷን ምን አደረጓት? «የተቋሙን አልኮልና ጎዝ ለግል ጉዳይ በማዋል» ብለው ከሰሷት። መድኃኒት ክፍል የምሠራው እኔ ነኝ፤ ከመደርደሪያችን አንድ ጠርሙስ እንዳልጎደለ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው ቆሜ ተናገርኩ። «አንተ አልተጠየቅህም» አሉኝ። ወደ ግምጃ ቤት አዛወሯት። ከዳንግላ ቤቷ አርቀው፣ በዚያ ዕድሜዋ። ጡረታ እስክትወጣ እዚያው አዋለደች። አንድም ቀን ተጸጸትኩ ስትል አልሰማኋትም። «የሚያናድደኝ» ትለኝ ነበር፣ «ለነሱ ቅጣት መስሏቸው እናቴ አገር መላካቸው ነው።»

ስመኘው የተፈታ ቀን የሆነውን ግን ለብቻው ልንገራችሁ።

በዚያ መሐል አትጠገብ ባሕር ዳር ሄዳ፣ እያንዳንዱን ጎማ ራሷ መርምራ፣ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብባ፣ ለበጋም ለክረምትም የሚሆነውን እውነተኛ ጎማ አስገጥማ ነበር። ከእስር ቤት በር ላይ ስመኘውን ተቀበልነው። ከስቷል። እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ትከሻውን ይዛ አቆመችው።

«ተው እንጂ! ይልቅ ደክሞኛል፣ አንተ ንዳ» ብላ ቁልፉን ሰጠችው።

«ሲስተር፣ እኔ ሁለተኛ መሪ አልይዝም።»

«ያልሠራኸውን ኃጢአት አምነህ ልትኖር ነው? ግባ።»

ገባ። እሷ ከጎኑ፣ እኔና አቶ ልየው ከኋላ። ዝናብ ይዘንባል። ከእንጅባራ ወጥተን ወደዚያ ቁልቁለት ስንቃረብ እያዘገመ፣ እያዘገመ መጣ። ጠመዝማዛው መሐል ላይ ሲደርስ፣ ከፊታችን ምንም ነገር ሳይኖር፣ ፍሬኑን ረገጠው።

መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። አልተንሸራተተችም፣ አልዞረችም። ያኔ ሚኒባሱ ቢቆም ኖሮ ሰው የማይሞትባት ቦታ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ስመኘው ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ማልቀስ ጀመረ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

ከኋላችን የጭነት መኪና ደረሰ፤ ጥሩምባውን ለቀቀው። ሌላም ደረሰ። ጥሩምባው በላያችን ላይ ወረደ። ስመኘው ደንግጦ ቀና ሊል ሲል አትጠገብ እጇን ጀርባው ላይ አድርጋ «ተወው፣ አልቅስ» አለችው። በሩን ከፍታ ዝናቡ ውስጥ ወረደች። መንገዱ መሐል ላይ፣ ከግዙፉ መኪና ፊት ቆማ መዳፏን ዘረጋች።

«ትጠብቃለህ!» ብላ ጮኸች። «ሰው እያለቀሰ ነው!»

ጥሩምባው ጸጥ አለ። ስመኘው አልቅሶ እስኪወጣለት ድረስ በዚያ መንገድ ማንም አላለፈም።